ክራርና ድምፅ ቤት ውስጥ በሪፐር መቅዳት፦ ከገመዱ እስከ ፋይሉ

ቤት ውስጥ የተቀዳ ዘፈን ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው ማይኩ ላይ ነው። ማይኩ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አላጠፋም። ጌይኑ (ከማይኩ የሚገባው ድምፅ መጠን) ከልክ በላይ ተከፍቷል፣ የሶፍትዌሩ ባፈር አልተስተካከለም፣ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ወይም ኪቦርዱና ክራሩ አልተናበቡም። እነዚህን ሬከርድ ከመጫናችሁ በፊት ካልጨረሳችኋቸው በኋላ የሚያድን ሶፍትዌር የለም። ከዚህ በታች ከተጻፈው አብዛኛው ከቅጂው በፊት ስላለው ሥራ የሆነውም ለዚህ ነው። እሱን ዘላችሁ ወደ ሚክሲንግ አትሩጡ።

ምሳሌያችን አንድ ክራር፣ አንድ ድምፅ፣ ዊንዶውስ ላፕቶፕና ሪፐር የሚባለው የድምፅ መቅጃ ሶፍትዌር ነው። ሪፐር ለ60 ቀን ሳይቆራረጥ በነፃ ይሞከራል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም አይከብድም። ማክ ያለው ሰው በጋራጅባንድም መሥራት ይችላል፤ የአዝራሩ ስም ይለያያል እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

1. ዕቃውን አሟሉ

የሚያስፈልገው ይኼ ነው፦

- ሳውንድ ካርድ (ኦዲዮ ኢንተርፌስ)፣ ሁለት ማይክ መሰኪያ ያለው
- ማይክ፣ የኤክስኤልአር ኬብል እና መቆሚያ
- ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባለገመድ ሄድፎን
- ባዶ ቦታ ያለው ሃርድ ዲስክ

የብሉቱዝ ሄድፎን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ክሊኩን (ምት የሚቆጥረውን ድምፅ) እየሰማችሁ የምትጫወቱት ሁሉ ወደኋላ ይቀራል። «ምቴ ለምን አይገጥምም?» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ ብሉቱዝ ያደረጉ ናቸው።

ማይክ ሁለት ዓይነት ነው። ኮንደንሰር ማይክ ረቂቅ ድምፅ ይይዛል፤ የክራሩን ክር ጥፍር ሲነካው ያለውን ሁሉ ያሰማል። ነገር ግን የጎረቤትን ቴሌቪዥንና የመንገዱን ታክሲም አብሮ ያሰማል። ዳይናሚክ ማይክ፣ ለምሳሌ ሹር ኤስኤም 58፣ ከፊቱ ያለውን ይይዛል፤ ራቅ ያለውን እምብዛም አይሰማም። መንገድ ዳር ወይም ግድግዳው ስስ የሆነ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ፣ አቅማችሁም ለአንድ ማይክ ብቻ ከሆነ ዳይናሚኩን ግዙ። ኤስኤም 58 በሐሰት ቅጂው ብዛት የታወቀ ስለሆነ ከማታውቁት ሻጭ በርካሽ አትውሰዱ።

ኮንደንሰር ከገዛችሁ ሳውንድ ካርዱ ላይ 48 ቮልት የሚል ቁልፍ አለ። እሱ ካልበራ ማይኩ አይሠራም። ከማብራታችሁ በፊት ኬብሉን ሰኩ፣ የሄድፎኑን ድምፅ ዝቅ አድርጉ። በበራበት ኬብል መንቀል የለም።

2. ክፍሉን አልብሱ

ባዶ ክፍል መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ጭርርር» የሚል ነገር ከተከተለ ማይኩም ያንን ይቀዳል፤ የተቀዳ ማስተጋባት ደግሞ አይወጣም።

- ከክፍሉ መሃልም ከጥግም ራቁ።
- ከኋላችሁና ከግራ ቀኛችሁ ፍራሽ አቁሙ፣ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀሉ። ማይኩ ፊት ለፊት የሚያየው እናንተን ስለሆነ ከእናንተ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው ይበልጥ መሸፈን ያለበት።
- ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ካለ በሩን ክፈቱና ጀርባችሁን ለእሱ ስጡ። ነፃ ነው፣ ከስስ ስፖንጅም ይሻላል።
- የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከድካሙ ጋር የሚመጣጠን ጥቅም የለውም።

ፍሪጁን ንቀሉ፣ ስልኩን ከክፍሉ አውጡ፣ ላፕቶፑን ከማይኩ ጀርባ በተቻለ መጠን አርቁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ በክረምት ከሰዓት በኋላ ለመቅዳት አትቅጠሩ። ብዙ ሰፈር ውስጥ ጸጥታ የሚገኘው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ውሾቹ እስኪጀምሩ ድረስ።

አጨብጭባችሁ አሁንም ከጮኸ፣ ሌላ ብርድ ልብስ ጨምሩ እንጂ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

3. ሪፐርን አስተካክሉ

1) የሳውንድ ካርዱን ድራይቨር (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። የራሱ ድራይቨር ከሌለው አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነፃ ድራይቨር ተጠቀሙ።

2) ሳውንድ ካርዱን በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ። በዩኤስቢ ማባዣ በኩል አይሁን።

3) ኮንትሮልና ፒ ተጫኑ፣ ፕሪፈረንስስ ይከፈታል። ኦዲዮ፣ ቀጥሎ ዲቫይስ የሚለው ውስጥ ግቡ። ኦዲዮ ሲስተም በሚለው ላይ አሲዮን (ድምፅ ሳይዘገይ እንዲያልፍ የተሠራውን የድራይቨር ዓይነት)፣ ከሥሩ ደግሞ የራሳችሁን ድራይቨር ምረጡ። ሳምፕል ሬቱን (በሰከንድ የሚወሰደውን የድምፅ ናሙና ብዛት) 48000፣ ብሎክ ሳይዙን 128 አድርጉ።

ብሎክ ሳይዝ ወይም ባፈር ማለት ኮምፒውተሩ ድምፁን በስንት በስንት ናሙና እየጠቀለለ እንደሚያስተናግድ ነው። 128 ናሙና በ48000 ሲካፈል ወደ 2.7 ሚሊሰከንድ ነው። መግባቱና መውጣቱ ሲደመር ትንሽ ይጨምራል፤ ቢሆንም ጆሮ አይረብሽም። 1024 ካደረጋችሁት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ21 ሚሊሰከንድ ያልፋል። ያን ጊዜ የራሳችሁ ድምፅ ተከትሏችሁ ይመጣል፤ ሳታውቁት ዜማውን መጎተት ትጀምራላችሁ። ሕጉ አጭር ነው፦ ስትቀዱ ትንሽ ባፈር፣ ሚክስ ስታደርጉ ትልቅ ባፈር።

4) አልትና ኢንተር ተጫኑ፤ የፕሮጀክቱ ማስተካከያ ይመጣል። እዚያም ሳምፕል ሬቱን 48000 አድርጉ። ሚዲያ የሚለው ገጽ ላይ ፎርማቱን ዌቭ፣ 24 ቢት አድርጉ። አንድ ሞኖ ትራክ በዚህ ልክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ለ5 ደቂቃ ዘፈን በትራክ 43 ሜጋባይት ቁጠሩ።

5) ገና አንድ ድምፅ ሳትቀዱ ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርጉ። ሴቭ ስታደርጉ ለፕሮጀክቱ የራሱን ፎልደር ፍጠር የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። ይኼን ያልፈጸመ ሰው ከወር በኋላ ፕሮጀክቱን ሲከፍት ድምፁ የለም፤ ፋይሎቹ የትም ተበትነዋል።

6) ፕሪፈረንስስ ውስጥ ፕሮጀክት የሚለው ገጽ ላይ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አብሩት። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይኼ ቅንጦት አይደለም። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ከሆነማ መብራቱ ሲሄድ ቅጂውም አብሮ ይሄዳል።

ካልሆነ፦ ሪፐር ድራይቨሩን መክፈት አልቻልኩም ካለ ብዙ ጊዜ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። ብራውዘሩንና ቴሌግራምን ዝጉ፣ ሳውንድ ካርዱን ነቅላችሁ መልሱ፣ ሪፐርን እንደገና ክፈቱ። ድምፁ እንደ ጥብስ «ጠሽ ጠሽ» ካለ ባፈሩን ወደ 256 አሳድጉ፣ ካልተሻለው ዋይፋዩን አጥፉ።

4. መጀመሪያ ክራሩ ይቃኝ፣ ሌላው ይከተለው

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሥራ የሚበላሸው። ክራር ብዙ ጊዜ የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ነው፤ ፒያኖ ላይ ካለ ቁልፍ ጋር ልክ መግጠም ግዴታው አይደለም። ከሁለት ቁልፎች መሃል ላይ ሊውል ይችላል። ይኼ ስህተት አይደለም። ስህተቱ የሚመጣው ኪቦርድ ወይም ቤዝ ሳይነካ እንዳለ ሲጨመርበት ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1) ዘፋኙ የዜማውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታ ያለ ክራር ይበለው። ከፍተኛው ላይ ጉሮሮው ከተወጠረ አውርዱ።

2) ክራሩን በዚያው ልክ ቃኙ። ከዶ ብንነሳ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ የወረደ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ጆሮአችሁ የለመደው ከዚህ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጆሮአችሁን እመኑ።

3) ሪፐር ውስጥ ሪያቱን የሚባለውን መቃኛ ትራኩ ላይ ጨምራችሁ አንዱን ክር ምቱ። ለምሳሌ ከሬ በ30 ሴንት ዝቅ ያለ ከሆነ ጻፉት። በሁለት አጎራባች ቁልፎች መካከል 100 ሴንት አለ፤ 30 ሴንት በደንብ የሚሰማ ልዩነት ነው።

4) ኪቦርዱን፣ ቤዙን፣ ሶፍትዌር ውስጥ ያለውን መሣሪያ ሁሉ በዚያው 30 ሴንት አውርዱ። አብዛኞቹ «ቱኒንግ» ወይም «ፋይን ቱን» የሚል ቦታ አላቸው።

ዋሽንት ካለ ነገሩ ይገለበጣል። ዋሽንት ርዝመቱና ቀዳዳው ከተወሰነ በኋላ አይቃኝም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዋሽንቱን ለኩ፣ ክራሩን በእሱ ቃኙ።

ክራሩን ከቅጂው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ወደ ክፍሉ አስገቡት። ቆዳው በእርጥበት ይላላል፣ በሙቀት ይወጠራል፤ ሁለቱም ቅኝቱን ያንሸራትታሉ። ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት ክሮቹን አንድ ጊዜ ወርዳችሁ ስሙ። «ቅድም ቃኝቼዋለሁ» አይሠራም።

5. ክሊክ፦ ያለ ወይስ የሌለ?

ሰፊ፣ ምት የሌለው ትዝታ የምትጫወቱ ከሆነ ክሊኩን አጥፉ። ክሊክ ላይ የተሰቀለ ትዝታ እስትንፋሱ ይቆረጣል። ክራሩንና ድምፁን አንድ ላይ፣ በሁለት ማይክ ቅዱና እርማቱን ተዉት።

ጭክጭካ ከሆነ ወይም ወደፊት አቀናባሪ ከበሮና ቤዝ የሚጨምርበት ከሆነ ክሊክ ያስፈልጋል። ታይም ሲግኔቸሩን 6/8 አድርጉ። ቴምፖው ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ሪፐር የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው፣ የጭክጭካን ምት የሚመታው እግራችሁ ደግሞ በነጥብ ሩብ ኖታ፣ ማለትም በአንድ ሩብ ኖታ ተኩል ነው። እግራችሁ በደቂቃ 100 ጊዜ የሚመታ ከሆነ መጻፍ ያለባችሁ 150 ነው። 100 ብላችሁ የጻፋችሁ እንደሆነ ክሊኩ ይጎተታል፣ እናንተም «ሶፍትዌሩ ጭክጭካ አያውቅም» ትላላችሁ።

የሜትሮኖሙን ምልክት በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ ከቅጂ በፊት ቆጥሮ እንዲያስገባችሁ አብሩት። ሁለት ባር ይበቃል። ስትቀዱ ክሊኩ ከሄድፎን አፈትልኮ ማይኩ ውስጥ እንዳይገባ ድምፁን እስከሚያስፈልገው ብቻ ክፈቱ።

6. ማይኩን አቁሙ

ለክራር፦ ማይኩን ከድምፅ ሳጥኑ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁና ክሮቹ ከሳጥኑ ወደ ላይ ወደሚወጡበት አካባቢ አዙሩት። በቀጥታ ቆዳው መሃል ላይ ካነጣጠራችሁት ዝቅተኛው ድምፅ ያብጣል፣ «ቡም ቡም» ይላል። ወደ ላይ ወደ መቃኛው ካነሳችሁት ጥፍርና ክር ብቻ ይሰማል፣ ሥጋው ይጠፋል። ሄድፎን አድርጋችሁ አንድ ሰው ማይኩን በእጁ ቀስ እያለ ያንቀሳቅስ፤ ጥሩው ቦታ በጆሮ ነው የሚገኘው።

የተጫዋቹን ክንድ ተመልከቱ። የእጅ ሰዓትና አምባር ይውለቁ፤ ክሩን በመታ ቁጥር ከእንጨቱ ጋር «ቀጭ» የሚል ነገር ይኖራል፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው የምትሰሙት። የፕላስቲክ ወንበርም ጠላት ነው። በርጩማ ወይም የማይነቃነቅ እንጨት ላይ ይቀመጥ፣ እግሩ ሥር ምንጣፍ ይነጠፍ፤ እግሩ ምት መምታቱ አይቀርም።

ለድምፅ፦ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር። «ፐ» እና «ጰ» የሚያወጡትን ነፋስ ለመቁረጥ ፖፕ ፊልተር ከሌላችሁ ሽቦ አክብባችሁ ስቶኪንግ ወጥሩበት። ማይኩንም ከአፍ ትክክል ሳይሆን ጥቂት ወደ ጎን አድርጉት። ዘፋኙ ወረቀት ከያዘ ወረቀቱ ይሰማል፤ ግጥሙን ግድግዳ ላይ ለጥፉለት።

7. ጌይን

ኮንትሮልና ቲ ተጭናችሁ ትራክ ፍጠሩ። ስሙን ጻፉ። ቀዩን ክብ ተጫኑና ኢንፑቱን ሞኖ፣ ቁጥር 1 አድርጉ። ስቴሪዮ ከመረጣችሁ ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ይመጣል።

አሁን ዘፋኙ የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ ይዝፈን። «ሄሎ ሄሎ ቴስት» እያለ ከለካችሁ ተሸውዳችኋል፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ እጥፍ ይጮኻል። በጣም ሲጮኽ ሜትሩ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል እስኪሆን ድረስ ሳውንድ ካርዱ ላይ ያለውን የጌይን ቁልፍ አዙሩ። ሪፐር ውስጥ ያለውን የትራኩን ፌደር (ድምፅ ማንሻና ማውረጃውን) አትንኩ፤ እሱ የሚሰማችሁን ነው የሚለውጠው፣ የሚቀዳውን አይደለም።

ሜትሩ ዜሮ ነክቶ ከቀላ ቅጂው ተሰብሯል። ወደ ታች ብታወርዱትም ስባሪው እንዳለ ይወርዳል። «ቢያንስ ይጉላ» በሚል ጌይኑን የሚከፍቱ አሉ፤ በ24 ቢት ዝቅ ብሎ የተቀዳ ድምፅ በኋላ ያለ ምንም ጉዳት ይነሳል፤ ስለዚህ ስትጠራጠሩ ዝቅ አድርጉ።

ሜትሩ ካልተንቀሳቀሰ በዚህ ተራ ፈትሹ፦ 48 ቮልቱ በርቷል? ኬብሉ እስከ መጨረሻው ገብቷል? የተሰካው 1 ላይ ሆኖ ትራኩ 2 ን ነው የሚጠብቀው? ፕሪፈረንስስ ውስጥ ድራይቨሩ ተቀይሯል?

«ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ከጠፋ ችግሩ ከመብራቱ መስመር ነው፤ ምድር መስመር ያለው ሶኬት ፈልጉ ወይም በባትሪ ቅዱ። ካልጠፋ ኬብሉን ቀይሩ።

ድምፃችሁን ሁለት ጊዜ ከሰማችሁ ሳውንድ ካርዱም ሪፐርም እያሰሟችሁ ነው። ሳውንድ ካርዱ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚለውን እንደበራ ተዉት፣ በሪፐር በኩል የትራኩን ሞኒተሪንግ አጥፉ።

8. ቅዱ

1) መጀመሪያ ክራርና ድምፅ አንድ ላይ፣ ለጥራቱ ሳትጨነቁ አንድ መሪ ቅጂ ቅዱ። የመጨረሻው ሥራ ውስጥ አይገባም፤ ሌላው ሁሉ ግን እሱን እየሰማ ይጫወታል።

2) ክራሩን ለብቻው ቅዱ። ለመቅዳት ኮንትሮልና አር፣ ለማቆም ስፔስ። ከመጀመሪያው ምት በፊትና ከመጨረሻው በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ዝም በሉ፤ የክሩ ድምፅ ሳይሞት ስፔስ የሚጫን እጅ ብዙ ጥሩ መጨረሻ ቆርጧል።

3) ድምፁን ቅዱ። ሙሉውን ከላይ እስከ ታች ደጋግሙ እንጂ በየስንኙ አታቁሙ። በዚያው ትራክ ላይ ደግማችሁ ስትቀዱ ሪፐር የፊተኛውን አያጠፋም፣ ከሥሩ ያስቀምጠዋል። ክሊፑን መርጣችሁ ቲ በተጫናችሁ ቁጥር ሌላኛው ይመጣል።

4) ከእያንዳንዱ በኋላ ኮንትሮልና ኤስ።

ዘፋኙ የሚያንቀላፋ ወይም የሚያፍር ከሆነ ሄድፎኑ ውስጥ ትንሽ ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) ስጡት፤ ለዚህ ግን ዳይሬክት ሞኒተሩን አጥፍታችሁ የሪፐርን ሞኒተሪንግ አብሩ። አይቀዳም፣ ግን ጉሮሮውን ይከፍትለታል።

9. እርማት

ከቅጂዎቹ ጥሩ ጥሩውን ለመገጣጠም ክሊፑን ኤስ በሚለው ቁልፍ ቁረጡ፣ በየቁራጩ የሚሻለውን ቅጂ ምረጡ። ቁረጡ ስል እስትንፋስ ላይ ወይም ዝምታ ላይ ነው፤ ቃል መሃል አይደለም። መጋጠሚያው «ቀጭ» ካለ ሁለቱን ክሊፖች ጥቂት አደራርቡ፤ ሪፐር ራሱ ያቀላቅላቸዋል።

በራሱ ድምፅ የሚያስተካክል ፕሮግራም ስትጠቀሙ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ኖታዎቹን በእጅ ወደ ቅኝታችሁ አምስት ኖታዎች ቀንሱ። አሥራ ሁለቱም ክፍት ከሆኑ አምባሰሉን ወደማይገባ ኖታ ይጎትተዋል። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱን አዘግዩ። በጣም ከፈጠነ እርግብግቢቱንና ቅላጼውን እንደ ስህተት ቆጥሮ ይላጨዋል፤ የሚቀረው የማንም ያልሆነ ድምፅ ነው። ክራራችሁም 30 ሴንት ዝቅ ያለ ከነበረ፣ ማስተካከያው ያንን ካልተነገረው ድምፁን ከክራሩ ይነጥለዋል።

10. ሚክስ

ባፈሩን ወደ 1024 አሳድጉ። ፌደሮቹን ብቻ በማንሳትና በማውረድ ድምፁና ክራሩ እስኪስማሙ ድረስ ምንም ኢፌክት አትጨምሩ። ከዚያ፦

- ድምፁ ላይ ሪያኢኪው (ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ማመጣጠኛ)፣ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለው ይቆረጥ። ክራሩ ከታፈነ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ መካከል ጥቂት አውርዱ።
- ድምፁ ላይ ሪያኮምፕ (ጩኸቱን የሚያመጣጥነው ኮምፕረሰር)፣ ሬሾው 3፣ ሜትሩ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል የሚቀንስ ይሁን።
- ሪቨርቡን ለብቻው ትራክ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱንም ወደ እሱ ላኩ። እስኪሰማችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ ትንሽ መልሱ።

በስልክ ድምፅ ማጉያም ስሙት። አድማጩ የሚሰማው በእሱ ነው።

11. ማውጣትና መላክ

ኮንትሮል፣ አልትና አር አንድ ላይ ተጫኑ። ሙሉ ዘፈኑን ለማውጣት ማስተር ሚክስ፣ ዌቭ፣ 24 ቢት። ዩቲዩብ ላይ የሚጫን ከሆነ ከ-14 ሉፍስ (የዘፈኑ አማካይ ጩኸት መለኪያ) ብዙም አታርቁት፣ ጫፉም ከ-1 ዴሲቤል አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ብታጎሉት ዩቲዩብ ራሱ ያወርደዋል።

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ላለ አቀናባሪ የምትልኩ ከሆነ ግን ሙሉ ዘፈኑ አይጠቅመውም። ትራኮቹን ሁሉ መርጣችሁ ሶርስ ላይ ስቴምስ (እያንዳንዱ ትራክ ለብቻው) የሚለውን፣ ባውንድስ ላይ ኢንታየር ፕሮጀክት የሚለውን ምረጡ። ድምፁ አዝማቹ ላይ ቢጀምርም ፋይሉ ከዜሮ ሰከንድ መጀመር አለበት፤ ካልሆነ አቀናባሪው የት እንደሚያስገባው ይጨነቃል። ሪቨርቡንና ኮምፕረሰሩን ፋይሎቹን ከማውጣታችሁ በፊት አጥፉ።

ፋይሎቹን «ክራር»፣ «ድምፅ 1»፣ «ድምፅ 2» እያላችሁ ሰይሙ። አንድ የጽሑፍ ፋይል ጨምሩ፦ ቴምፖ 150፣ 6/8፣ 48000፣ ቅኝቱ አምባሰል፣ መነሻው ሬ ሲቀነስ 30 ሴንት። ሳምፕል ሬቱ ሳይነገረው የ48000 ፋይል በ44100 ከተነበበበት ዘፈኑ ይዘገያል፣ ከአንድ ቁልፍ በላይም ይወርዳል፤ ከዚያ «ዘፋኙ አልተቃኘም» የሚል መልእክት ይደርሳችኋል።

ፎልደሩን ዚፕ አድርጉና በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት፤ እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ድምፅ መልእክት አድርጋችሁ እንዳትልኩት፣ ጨምቆ ያበላሸዋል። የተላከውን ዚፕ ከመላካችሁ በኋላ ራሳችሁ አውርዳችሁ ክፈቱት፤ ሁሉም ትራክ ካለ ብቻ ኦርጅናሉን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ።